የካሳ ዛቢያ

አራጌ ማጭዱን ከአልታየች እጅ ሲነጥቅ አልታገለችውም። ያጨደችውን ሣር በነጠላዋ ቋጥራ ልትሸከም ጎንበስ እንዳለች ነበር የደረሰባት። ቋጠሮውን በእግሩ ገፋ አደረገው። ግማሽ ሸክም እንኳ አይሞላም።

«አበልጄ» አለች ቀና ብላ፣ «ላሚቱ ልትወልድ ዐሥር ቀን አይቀራትም። ሆዷ ከጀርባዋ ተጣብቋል።»

«እኔ ምን ላድርግ? ይኼን ሣር ጠብቅ ተብዬ ነው ስንዴ የሚሰፈርልኝ።»

«ዛሬ ዐይኔን አሞኝ ነበር በላ። ዐይን አይታመም?»

«አሻግሬ ነው ከማዶ ሆኖ የጠራኝ። እሱ አይቶሻል። እኔ ባላይሽ ነገ በእኔ ቦታ ሌላ ሰው ይቆማል።»

የገበሬ ማኅበሩን ሊቀ መንበር ስም ስትሰማ ነጠላዋን ፈትታ ሣሩን መሬት ላይ ዘረገፈችና ከፊቱ ከፊቱ መውረድ ጀመረች።

ሣሩ የበቀለበት ጥድ አፋፍ ለብዙ ዘመን ስሙ ብቻ የቀረ ራቁት ተረተር ነበር። ከስምንት ዓመት በፊት መንግሥት ከለለው። ሰውም ከብትም እንዳይገባበት ተባለ፤ ገበሬውም ለስንዴና ለዘይት ሲል እርከን ሠራበት፣ ችግኝ ከመካነ ሰላም በጀርባው ተሸክሞ ተከለበት። አልታየችና ባሏ ካሳ ከአራጌ ጎን ሆነው ጉድጓድ ቆፍረዋል። ኋላ ክፉው ቀን መጥቶ ካሳን ወሰደ፤ አራጌ ክርስትና ያነሳላቸውን አንዲት ልጃቸውንም ወሰደ። ተረተሩ ግን አገገመ። ክትክታው ሳይተክሉት በቀለ፣ ከድንጋይ ሥር የወይራ ቡቃያ ብቅ አለ፣ ሰንበሌጡ ወገብ ደረሰ። ባለፈው ክረምት ደግሞ የዛሬ ሃያ ዓመት የደረቀችው ምንጭ ከጥዶቹ በላይ ውሃ ማንባት ጀመረች። አራጌ ማልዶ ሲዞር በምንጯ ዙሪያ ጭቃው ላይ የዲኩላ ኮቴ ያያል። ለሚስቱም አልነገራት፤ ሰው ከሰማ ይበላዋል።

ሣሩ በዓመት አንዴ፣ በኅዳር፣ በዕጣ ይታጨዳል። ዕጣው የሚወጣው በአባወራ ስም ነው። ካሳ ሲሞት የማኅበሩ ጸሐፊ ስሙን ሰረዘው፤ በምትኩ የአልታየችን የጻፈ አልነበረም። ሁለት ጊዜ አመልክታ ሁለት ጊዜ «ስብሰባ ሲኖር ይታያል» ተብላለች። ሣር ሲያጭድ የተያዘ ሰው አንድ ሌሊት ይታሰራል፣ ማጭዱንም ይነጠቃል። ከብት ከገባ ወደ ማኅበሩ በረት ይነዳል፤ ባለቤቱ መጥቶ በስምንት ቀን ካላስፈታው የማኅበሩ ይሆናል። ዛፍ የቆረጠ ግን መካነ ሰላም ወህኒ ነው የሚላከው።

አልታየችን የማኅበሩ መጋዘን ውስጥ ቆልፎባት ሲወጣ ሊቀ መንበር አሻግሬን ደጅ ቆሞ አገኘው።

«በርታ፣ ጓድ አራጌ! ነገ እንግዶች አሉብን። ከደሴ ሳይቀር ይመጣሉ። ተረተራችን ለሌላው ማኅበር ምሳሌ እንዲሆን ተመርጧል።»

«እሰይ።»

«ዳስ ያስፈልገናል። ሃያ አራት ቋሚ፣ ለጣሪያው ደግሞ ቅጠል።»

«ባሕር ዛፉን ከማን እንግዛ?»

«ገዝተህ ስትጨርስ ጥራኝ!» አሻግሬ ሳቀ። «ከምንጯ በታች ያሉት ጥዶች ቀጥ ቀጥ ያሉ ናቸው።»

አራጌ የሚቀልድ መስሎት ጠበቀ። «ዛፉን ሊያዩ ለሚመጡ ሰዎች ዛፉን ቆርጠን?»

«ጥላ ሥር የተቀመጠ ሰው ቋሚ አይቆጥርም። ምንጯ ድረስ የሚወጣ ጉልበትም የለው። ሂድ አቦ፣ መጥረቢያህን አምጣ።»

የአራጌ መጥረቢያ ዛቢያው የወይራ ነው። ካሳ በልጁ ክርስትና ዕለት ጠርቦ የሰጠው ነበር። ካሳ የጠረበው ዛቢያ ከሩቅ ይታወቃል፤ ከጫፉ ላይ ሦስት ጭረት አለው። አራጌ ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ በዚያ ዛቢያ ሃያ አራት ጥድ ጣለ። ውፍረታቸው ክንድ ክንድ ያህላል፤ ሁለት ሁለት ምት በቃቸው። ግንዶቹን ወደ ዳሱ የጎተቱት ሰዎች ምንጯን ረግጠው አደፈረሷት።

በማግስቱ እንግዶቹ መጡ። ዳሱ ውስጥ ተቀምጠው ንግግር ተደረገ፣ ተጨበጨበ። ከሁሉም ወጣት የሆነው፣ ደብተር የያዘው እንግዳ ግን ንግግሩ እንዳለቀ ተነሳና «ምንጯን አሳዩኝ» አለ። አሻግሬ ጠላ ይቅደም አለው፣ መንገዱ ዳገትና ጭቃ ነው አለው። ሰውየው ሱሪውን ሰብስቦ መራመድ ጀምሮ ነበር።

ጉቶዎቹ ገና ሙጫቸው አልደረቀም።

«ይሄ ምንድን ነው?»

አሻግሬ ዐይኑን አላሸም። «የሕዝብ ጠላት መቼ ይጠፋል፣ ጓድ! ቆራጯን ትናንት ይዘን አስረናታል። የያዛት ይኸው፣ ጥበቃችን ነው።»

«አንተ ነህ የያዝካት?»

«አዎ፣ እኔ ነኝ» አለ አራጌ። እስከዚህ ድረስ እውነት ነበር።

«በምን ቆረጠችው?»

«ማጭድ ይዛ ነው የተገኘችው» አለ አሻግሬ።

እንግዳው ተንበርክኮ አንዱን ጉቶ ዳበሰ። «በማጭድ ይሄ አይቆረጥም። መጥረቢያው የታለ?»

አሻግሬ አራጌን ትክ ብሎ አየው። «ምን ትጠብቃለህ? ትናንት ከቤቷ ያወጣኸውን መጥረቢያ አምጣው እንጂ!»

አራጌ ቁልቁለቱን ወረደ። እኔ ነኝ የቆረጥኩት ቢል አሻግሬ ያዘዘውን አላዘዝኩም ይላል፤ ጥበቃው ራሱ ዛፍ ሲሸጥ ተገኘ ይባላል። የአልታየችን ጎጆ አልፎ ወደ ራሱ ቤት ገባና መጥረቢያውን ከግድግዳው ሥር አነሳ።

«ደግሞ ለምንድን ነው?» አለች ሚስቱ ወርቅዬ።

«ለእንግዶቹ።»

«ቶሎ መልሰው እንግዲህ። የተፈለጠ እንጨት የለኝም።»

አልታየችን ከመጋዘን አውጥተው ዳሱ መሐል አቆሟት። ሌሊቱን ብርድ አድሮባት ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል። ስለ ሣሩ የሚጠይቋት መስሏት «አጥፍቻለሁ፣ ጌቶቼ» ብላ ጀመረች። ጸሐፊው ጻፈ።

እንግዳው መጥረቢያውን አቀበላት። «ይሄን ታውቂዋለሽ?»

ዛቢያውን ወደ ታች ስትዳብስ አውራ ጣቷ ጭረቶቹ ላይ ደርሶ ቆመ። ፊቷ ፈታ አለ።

«የካሳ እጅ ነው» አለች። «የባሌ። እሱ ነው የጠረበው።»

ጸሐፊው ይሄንንም ጻፈ። ቀና አለች። የሰዎቹን ፊት አየች፣ በዙሪያዋ የቆሙትን ትኩስ የጥድ ቋሚዎች አየች፣ ከዚያ አራጌን አየች።

«አበልጄ፣ ንገራቸው እንጂ። ይሄ ላንተ የሰጠህ አይደለም? በክርስትናዋ ዕለት!»

«እውነት ነው?» አለ እንግዳው።

ዳሱ ሁሉ አራጌን ጠበቀው። የታወቀ ነገር ነበር፤ ከተሰበሰበው ገበሬ ያንን መጥረቢያ በአራጌ ትከሻ ላይ ያላየ የለም። አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። ሌሎቹ መሬት መሬቱን አዩ።

«ካሳ ለብዙ ሰው ዛቢያ ጠርቧል» አለ አራጌ። «ይሄኛው ከቤቷ ነው የወጣው።»

ጸሐፊው ቀለሙን አቀረበለት። አራጌ አውራ ጣቱን ነክሮ ወረቀቱ ላይ ተጫነ።

አልታየች አልረገመችውም። ሁለት ታጣቂዎች ወደ እንግዶቹ መኪና ሲወስዷት በአጠገቡ ስታልፍ ብቻ «ላሚቱን» አለችው። «ውሃ እንኳን አሳያት።» አራጌ አንገቱን ነቀነቀ። መጥረቢያውን ማስረጃ ነው ብለው አብረው ጫኑት።

ውሃ ሊያሳያት ያን ቀን አልሄደም። በማግስቱም አልሄደም፤ የአልታየች ደጅ ከመንገድ ይታያል፣ ሰው ምን ይለኛል ብሎ። በሦስተኛው ቀን ማልዶ ተረተሩን ሲዞር ላሚቱን ከጉቶዎቹ መሐል አገኛት። የበጠሰችው ገመድ ከአንገቷ ተንጠልጥሏል። ሰንበሌጡን እየነጨች ነበር፤ ሲመጣ አይታው ቀና አለችና ተመልሳ ጎነበሰች። ጎኗ ሲነሳ ሲወድቅ ጥጃው በሆዷ ውስጥ ሲገላበጥ ይታያል። ጭቃው ላይ የዲኩላው ኮቴ አልነበረም።

አራጌ ማዶውን ተመለከተ። የሚያየው የለም። አንዱ ጉቶ ላይ ተቀመጠና ዱላውን ጭኑ ላይ አጋደመ። ፀሐይዋ አናት ላይ እስክትወጣ ድረስ አልተነሳም። ላሚቱ በላች፤ ደፍርሳ ከጠራችው ምንጭ ጠጣች፤ እንደገና በላች። ስትጠግብ ገመዷን ያዘና ይዟት ወረደ።

ከተረተሩ ሥር መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። ላሚቱ እንደ ልማዷ ወደ አልታየች ጎጆ ታጠፈች። አራጌ ጥቂት ቆመ። ከዚያ ቀደማትና በዱላው ቀንዷን መለስ አድርጎ ወደ ማኅበሩ በረት ነዳት።