የአምስት ሰው ሸሚዝ

ባሌ ሃያ ስድስት ዓመት የሠራበት የሸሚዝ ፋብሪካ ሲዘጋ፣ የስንብት ገንዘቡን ይዞ መጣና “ምን ብንከፍት ይሻላል?” አለኝ። ጥያቄው ራሱ አሳቀኝ። ዕድሜ ልኩን ፋብሪካ ውስጥ ሸሚዝ ሲሰፋ የኖረ ሰው ምን ሊከፍት ነው? ዓሣ ሊያጠምድ?

“ልብስ ስፌት ነዋ፣ አንተ ሰውዬ!”

“ዳቦ ብንሸጥስ?”

“ሙያ በእጅህ እያለ?”

በማግስቱ ደብተርና እስክሪብቶ እንሽጥ አለ። ከዚያ ደግሞ ጫማ ጥገና ልማር አለ። ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩት። በሳምንቱ “አለቃችንና ሦስት ጓደኞቼ አንድ ላይ ሊከፍቱ ነው፤ አምስተኛ ልሁን” ብሎ ለመነኝ። ይሄኔ ቱግ አልኩ።

“ለሰው ስትለፋ ኖረህ አሁንም ከሰው ጋር? ሽርክና ትርፉ ጭቅጭቅ ነው። የራስህን በር ክፈት!”

“እሺ፣ አንቺን ደስ ካለሽ” አለ። እኔ አንዴ መናገር ከጀመርኩ የሰው ቃል እንደማልሰማ ያውቃል።

የፊት ክፍላችንን በገዛ እጄ ቀለም ቀባሁት፤ በስንብት ገንዘቡ የገዛነውን የስፌት መኪና መስኮቱ ሥር አስቀመጥን። ለማውቀውም ለማላውቀውም “ባሌ ልብስ ስፌት ከፈተ” እያልኩ አወራሁ። እውነቱን ልናገር፣ ከተጋባን ወዲህ እንደዚያ ልቤ ቅቤ ጠጥቶ አያውቅም።

ሁለት ወር ያህል ሱሪ ከማሳጠር በቀር ደህና ሥራ አልመጣም። ከዚያ ጎረቤታችን አዋላጇ ልጇን አስከትላ ለመመረቂያው ሸሚዝ የሚሆን ነጭ ጨርቅ ይዛ ገባች።

“ለጋሼ ሸሚዝ ምን አላት!” አለች።

ባሌ ሜትሩን አውጥቶ የልጁን አንገት ለካ፤ ደግሞ ለካና ጻፈ። ከዚያ ሜትሩን እንደያዘ ቆመ። ትከሻውን፣ ክንዱን፣ ደረቱን ለካ ያልኩት እኔ ነኝ። ተደናግጦ ይሆናል ብዬ አሾፍኩበት።

አራት ቀን ሰፋ፣ ፈታ፣ መልሶ ሰፋ። በአምስተኛው ቀን አዋላጇ መጣች። አንገትጌው ሲያዩት ያስጎመጃል፤ አንድ ክር አልተዛነፈም። ታች ግን አንዱ እጅጌ ከሌላው ያጥራል፣ ትከሻው ተጨማዷል፣ ግራና ቀኙ አይገጥምም። እኔም አፌን መያዝ አልችልም፣ በእንግዳ ፊት ከት ብዬ ሳቅሁ።

“ሃያ ስድስት ዓመት በሕልምህ ነው እንዴ ስትሰፋ የኖርከው?”

ሌላ ጊዜ ቢሆን አብሮኝ ይስቅ ነበር።

“እኔ አንገትጌ ነው የምሰፋው” አለ ቀስ ብሎ። “አንገትጌ ብቻ። እጅጌ የሚሰፋው ሌላ ነው፣ ኪስ የሚሰፋው ሌላ። ሙሉ ሸሚዝ ሰፍቼ አላውቅም።”

አዋላጇ ስለ ጨርቋ እንኳ ሳትጠይቅ ወጣች። እሱ መኪናውን ሸፈነው፤ ከዚያ ወዲህ አልነካውም። ቀኑን ሙሉ መስኮቱ ጋ ይቀመጣል፤ ሳናግረው “እሺ” ይለኛል። ቅስሙን የሰበርኩት እኔ ነኝ፣ ማንም አይደለም።

በሦስተኛው ወር ሳልነግረው የጓደኞቹን ሱቅ አፈላልጌ ሄድኩ። አምስት መኪና ተደርድሯል፤ አንዱ የሰፋውን ሌላው እየተቀበለ ይቀጥላል፣ መጨረሻ ላይ ያለቀለት ሸሚዝ ይወጣል።

“አለቃ፣ ባሌን ውሰዱልኝ” አልኩ። “ጥፋቱ የኔ ነው።”

አለቃው መቀሱን አስቀመጠ።

“እህቴ፣ ሁለት ወር ሙሉ ወንበሩን ባዶ አቆይተንለታል። እንደሱ አንገትጌ የሚያውቅ የት ይገኛል? ሁለት ጊዜ ሄጄ ለመንኩት። ‘ባለቤቴ ቤቱን ቀብታ ለሰው ሁሉ ነግራለች፤ እንዲህ ደስ ብሏት አይቻት አላውቅም፣ ይቅርብኝ’ አለኝ።” ከዚያ ጥግ ላይ አቀርቅራ አንገትጌ ወደምትሰፋ ሴት በዓይኑ ጠቆመኝ። “አሁን እሷን ቀጥረናል። የልጆች እናት ናት፤ እንዴት ተነሺ ልበላት?”

እንዴት ቤቴ እንደደረስኩ አላውቅም። እሱ እንደተለመደው መስኮቱ ጋ ተቀምጦ መንገዱን ያያል። አጠገቡ ተቀመጥኩና፣ በትዳራችን ዘመን ሁሉ አንድ ቀን እንኳ ጠይቄው የማላውቀውን ጠየቅኩት።

“ፋብሪካ እያለህ ሥራህ እንዴት ነበር?”

ዞር ብሎ አየኝ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

“አሁን ምን ያደርግልሻል?” አለኝ። ሊወቅሰኝ አልነበረም፤ የምሩን እየጠየቀኝ ነበር።