የአማቷ ጥዶች

ድሮኑ ከኮረብታው ጀርባ ዞሮ ሲመለስ፣ ታብሌቱ ላይ የታየው ቀለም ልቧን ወጋ አደረጋት። ከአረንጓዴው መሃል አንድ ጥግ ቀልቷል። ሌላ ሰው ቢሆን የደረቀ ሣር ነው ብሎ ያልፈው ነበር፤ እሷ ግን ደንን ከአየር ላይ በተነሣ ፎቶ ስታነብ የኖረች የካርታ ባለሙያ ናት። የቀላው የጥድ አናት ነው። ጥዶቹ ደግሞ የአማቷ ናቸው።

ወረርሽኙ ከገባ ወዲህ የደን ቢሮው ሥራ ይኸው ብቻ ሆኗል፤ ጥንዚዛ ቅርፊታቸውን የሚበላቸውን ዛፎች በድሮን ፈልጎ ማግኘት፣ ካርታ ላይ ማክበብ፣ በክቡ ውስጥ ያለውን፣ የታመመውንም ጤነኛውንም፣ ቆርጦ ማቃጠል። ቆራጮቹ የሚመሩት በካርታው ነው። ነገ ጠዋት ይገባሉ።

"እርግጠኛ ነሽ?" አላት ሾፌሩ ፊቷን አይቶ።

"ወርጄ ግንዱን ካላየሁ አይደለሁም።"

አማቷ ደጅ ቆመው ጠበቋት። ካገባች ዓመታት ቢያልፉም ዛሬም "ሙሽሪት" ነው የሚሏት። ታብሌቱን ስታሳያቸው መጀመሪያ ዓይናቸው የገባው ጥዱ ሳይሆን ቤታቸው ነበር።

"ይሄ የኛ ጣሪያ ነው? እንዲህ ዝጓል እንዴ? ያ ባልሽ ቀባሁት ብሎኝ ነበር እኮ።"

"እማማ፣ እዚህ ጋ ይዩልኝ። የቀላውን።"

አዩት። ፊታቸው ተለወጠ።

"ፀሐዩ ነው" አሉ። "ሰማይ ላይ ሆኖ በሽተኛ የሚለይ ሐኪም አላየሁም።"

ወደ ጥዶቹ አብረው ወጡ። ከታች ሆነው ሲያዩአቸው ጥዶቹ ደህና ይመስላሉ። የአንዱን ግንድ ቅርፊት በቢላዋ ስትልጠው ግን ደቃቅ ዱቄት ረገፈ፤ ነጫጭ ትሎች ብርሃኑን ሸሽተው ተልወሰወሱ። አማቷ የተላጠውን ቦታ፣ የሰው ገመና እንደሚሸፍን ሰው፣ በመዳፋቸው ከደኑት።

"አባታችሁ የተከላቸው ናቸው" አሉ ቀስ ብለው። "የታመሙትን ብቻ ቁረጡ። ሌላውን ተዪልኝ። አንቺ እኮ ልጄ ነሽ።"

"ሙቀቱ ሲጠና ጥንዚዛው ይበራል፣ እማማ። ከዚህ ቀጥሎ ያለው የጎረቤት ደን ነው።"

"ከኔ ይልቅ ለጎረቤት አዘንሽ?" ብለው ጀርባቸውን ሰጥተዋት ወደ ቤት ወረዱ።

መኪናው ጋ ሳትደርስ ባሏ ደወለ። እናቱ ነግረውታል።

"አንድ መስመር እኮ ነው። ትንሽ ሰብሰብ አድርጊው።"

"መስመሩን ብሰበስበው በሽታው አይሰበሰብም።"

"እሺ፣ እንግዲያው ቢሮ ገብተሽ ላኪው። ለእማዬ አለቃሽ ነው የወሰነው እንላታለን። አንድ ጣሪያ ሥር ነው የምንኖረው፤ አስቢበት።"

ይህኛው ከበዳት። ውሸቱ ትንሽ ነበር፤ ለቤቱ ሰላም ያወርድ ነበር። አለቃዋም ቢሆን ስሙ በነገር መነሣቱን የለመደ ሰው ነው። ሾፌሩ ሞተሩን አስነሥቷል። በሩን ከፍታ አንድ እግሯን ካስገባች በኋላ ቆም አለች።

"አጥፋው" አለችው። "ትንሽ እቆያለሁ።"

ላፕቶፑን ይዛ ተመለሰች። አማቷ ደጃፉ ላይ ተቀምጠዋል፤ ቀና ብለው አላዩአትም። ከጎናቸው ተቀመጠችና ስክሪኑን ወደ እሳቸው አዞረችው። መስመሩን በጥዶቹ ዙሪያ፣ ሳትሰበስብም ሳታሰፋም፣ አሰመረች።

"አለቃሽ ነው ያዘዘሽ?" አሉ አማቷ፣ ዓይናቸውን ከስክሪኑ ሳይነቅሉ።

ባሏ ያቀበላት መልስ አፏ ላይ ተዘጋጅቶላታል።

"አይ እማማ። እኔ ነኝ።"

ካርታውን ለቆራጮቹ ላከችው፤ ከአማቷ ጎን ግን አልተነሣችም።