ክላይቭ ያላጠፋው እምምታ

ባሌ ክላይቭ ከገና ጀምሮ ያቺን ሳጥን ሲከፍትና ሲዘጋ ከረመ። ሳጥኗ የሸክላ ማጫወቻውን ድምፅ የምታጎላ፣ በርካሽ የገዛት፣ ሳሙና የምታህል ነገር ናት። ከሥር እምምም የሚል ድምፅ አለ። "ኤሌክትሪኩ ንጹሕ አይደለም" አለና አብሯት የመጣውን አዳፕተር ጥሎ በትልቅ ትራንስፎርመር ተካው። እምምታው ቀነሰ እንጂ አልጠፋም።

ለሌላ ሸክላ ቢሆን ግድም አይሰጠኝም ነበር። ግን አባቴ ዊልፍ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሃሊፋክስ በሚገኘው ጸሎት ቤታችን ብቻውን ሲዘምር የተቀዳበት አንድ ሸክላ አለን። እናቴ ኢኒድ እሱን መስማት ትፈልጋለች። ጆሮዋ ደግሞ ከወር ወር እየከዳት ነው፤ መጀመሪያ የሚጠፋባት ቀጭን ድምፅ ነው።

"እምም ቢልስ? አጫውትላት!"

"እንዲህ ቆሽሾ? ለእናትሽ? ውስጧ ያሉትን ካፓሲተሮች ልቀይርና…"

"አንተ ሰውዬ፣ ሴትዮዋ እየደነቆረች ነው!"

"አንድ ሳምንት ብቻ ስጪኝ።"

የእሱና የድምፅ ዕቃ ወዳጆቹ ነገር እንዲህ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ጋራዣችን ውስጥ ሻይ ይዘው ተሰብስበው ዕቃውን ያዳምጣሉ እንጂ ዘፈን አይሰሙም። ክላይቭማ ከገና ወዲህ ሌላ ሸክላ አልነካም። የሚሞክረው በአባዬ ሸክላ፣ ያውም መዝሙሩ ከመጀመሩ በፊት ባለው ጸጥታ ነው። መርፌው ሲነሳ ዝም፣ ሲያርፍ እምምም። "አየሽ፣ የማጫወቻው ሞተር ነው የሚረብሸው" ብሎ ሳጥኗን ሌላ የብረት ሳጥን ውስጥ ከተታት።

እሁድ እማዬ ለምሳ ስትመጣ አላስፈቀድኩትም። እሱ ድንች ሲልጥ ሸክላውን ጭኜ መርፌውን አሳረፍኩት።

"ገና አላለቀም እኮ!" እያለ ቢላዋውን እንደያዘ ከኩሽና ሮጦ መጣ።

እማዬ እጇን አነሳች። "ዝም በሉ! ማራገቢያው ነው።"

"የቱ ማራገቢያ?" አለ ክላይቭ ጆሮዋ ሥር ጎንበስ ብሎ።

"የጸሎት ቤቱ ኦርጋን ነዋ! ለቧንቧዎቹ ነፋስ የሚሰጠው። የሚያበራው ዊልፍ ነበር። ያበራና ሮጦ ቦታው ላይ ይቆማል።" ፈገግ ብላ ጠበቀች።

አባዬ መዘመር ጀመረ። ቀጭን ድምፁ ጥርት ብሎ ቤቱን ሞላው። እማዬ አሁንም ትጠብቃለች።

"አልጀመረም እንዴ?" አለችኝ።

ክላይቭ ቢላዋውን አስቀመጠ። መርፌውን አንስቶ፣ መዝሙሩ ሳይጀመር ወዳለው እምምታ መለሰላት።