የሙሂዲን የእግረኛ መንገድ

ሙሂዲን ቢቸና ውስጥ የሚሠራ የከተማ ፕላን ባለሙያ ነው። ባለሙያነቱን እሱም አይጠራጠርም። ሰው ባጃጅ ትቶ በእግሩ እንዲሄድ፣ ከመናኸሪያው እስከ ገበያው የሚዘልቀውን አዲሱን የእግረኛ መንገድ የነደፈው እሱ ነው። ራሱ ግን ቢሮ የሚገባው በባጃጅ ነው፤ ይረፍድበታላ።

መንገዱ ያምራል። ኮብልስቶኑ ግጥም ብሏል፤ ጠርዙም ነጭ ቀለም ተቀብቷል። ችግሩ አንድ ብቻ ነው፤ ሰው አይሄድበትም። በገበያ ቀን የሚሄዱበት እህል የጫኑ አህዮች ናቸው፣ አንዱ ካንዱ ኋላ። ባለቤቶቻቸው የመኪናውን መንገድ ሞልተው እያወጉ ይነዷቸዋል። ሙሂዲን ይህን በሪፖርቱ «የግንዛቤ እጥረት» ብሎ ጻፈና ሁለት ቀን በድምፅ ማጉያ አስለፈፈ። ልፈፋውን የሰሙት አህዮቹ ብቻ ይመስላሉ።

ሐሙስ ዕለት ከሞጣ ለልምድ ልውውጥ እንግዶች መጡ። የእንግዶቹ መሪ ወይዘሮ የሺእመቤት መንገዱን ከወደዱት፣ ያንኑ ንድፍ ወስደው ሞጣ ላይ ሊያሠሩት ነው፤ ያውም በሙሂዲን እናት በሀሲና የጨርቅ ሱቅ ደጅ። ሀሲናን አምና ባጃጅ ጎኗን ገጭቷት ነበር። ከዚያ ወዲህ በእግሯ መሄድ ስለፈራች ከቤቷ ሱቋ የምትመላለሰው በባጃጅ ነው። የገጫትን ሽሽት እሱኑ ትሳፈራለች። እህቷን ሄዳ ከጠየቀች ዓመት ሞላት። ሙሂዲን ይህን ባሰበ ቁጥር ሆዱ ይባባል። ስለዚህ መንገዱ ዛሬ መወደድ አለበት።

ሀሲና ራሷ በነዋሪ ተወካይነት ከእንግዶቹ መኪና ወረደች።

«ና እስቲ ደግፈኝ፣ መንገድህን ልየው» አለችው።

ክንዷን ይዞ የእግረኛው መንገድ ላይ ወጣ። ሦስት እርምጃ እንደሄዱ ትከሻዋ ከዳር ያለውን የግቢ አጥር አሸው። ቦታ ሊለቅላት አንድ እግሩን ወደ መኪናው መንገድ አወረደና እያነከሰ አብሯት ሄደ። ከፊታቸው ሁለት ሴቶች ተገናኝተው ሰላምታ ጀመሩ። ልጆቹ፣ ከብቱ፣ አዝመራው፣ የታመሙት አማት ሁሉም በየተራ ተጠየቁ። የአገሩ ሰው ሲገናኝ እንዲህ ነው፤ ሙሂዲን ሲነድፍ ግን ሰላምታን አልለካም። ከኋላ የመጡት እንግዶች ሁሉ ወደ መኪናው መንገድ እየወረዱ አለፉ።

ሀሲና ቆመች። «ስፋቱ ስንት ነው?»

«አንድ ሜትር ከሃያ። አንድ ሰው በደንብ ያስኬዳል፣ እማ።»

«ከማን ጋር እየሄድክ ለካኸው?»

«ብቻዬን።»

«ሦስት ዓመት እዚህ ስትኖር አብሮህ የሚሄድ ሰው አጣህ፣ ልጄ?»

በማሾፍ ነበር የጀመረችው፤ መጨረሻው ላይ ግን ድምፅዋ ሰለለ። ሙሂዲን በቢቸና በስም የሚያውቃቸውን ሰዎች አሰበ። አብዛኞቹ የባጃጅ ሾፌሮች ናቸው። አፈረ፤ ከፋውም።

ወይዘሮ የሺእመቤት ደብተራቸውን ይዘው ደረሱ። «እንግዲህ እንዳለ እንውሰደው?»

አዎ ቢል ሥራው በዚህ ወር ይጀመራል። ንድፉ ይታረም ከተባለ ሌላ ዓመት ይፈጃል።

«አይውሰዱት» አለ። «ተሳስቻለሁ። ስፋቱ እጥፍ ይሁን።»

«መዘግየቱ ነው እንግዲህ።»

«ይዘግይ» አለች ሀሲና፣ ልጇን ቀድማ።

ከዚያም ክንዱን ሳትለቅ ወደ መኪናው መንገድ ወረደች። እስከ ገበያው ድረስ ጎን ለጎን ሄዱ፤ ሙሂዲን ባጃጆቹ በሚያልፉበት በኩል ሆኖ።