ያልተዋጠው ውሃ

ኦቦ ዱጋሳ ዓለም ጤና ከተማ አጠገብ ያለውን የሽንኩርት ማሳቸውን ትተው አዳማ የመጡት ለልጃቸው ለሀኒያ ጆሮ ብለው ነበር። የቀኝ ጆሮዋ ታምቡር ከልጅነቷ ጀምሮ የተበሳ ነው። ገበያ ላይ ደንበኛ በቀኟ ሲጠራት ስለማትሰማ «ኩሩዋ» የሚል ስም አውጥተውላታል። ሐኪሙም፣ «ከአፍንጫ ጓዳ ወደ ጆሮ የሚሄደው ቱቦ የሚከፈት ከሆነ ቀዳዳውን እደፍነዋለሁ፤ ካልሆነ ግን ትርፉ ድካም ነው» ብሎ ወደ ምርመራ ክፍል ላካት።

ሽማግሌው ከክፍሉ ደጃፍ ሲጠብቁ ሀኒያ እያለቀሰች ወጣች። ወረቀቱ «ቱቦው አይከፈትም» ይላል።

«መርማሪው ምን አድርጎ አወቀው?»

«በጆሮዬ አየር እየነፋ፣ በብርጭቆ ውሃ ሰጥቶ አምስት ጊዜ ዋጪ አለኝ።»

«ዋጥሽ?»

ሀኒያ አቀረቀረች። «ረመዳን ነው እኮ፣ አባ። ጾመኛ ነኝ ማለት አፈርኩ። ከንፈሬን ብቻ እያረጠብኩ መለስኩለት።»

«ያ ረቢ!» አሉ ኦቦ ዱጋሳ። በልጃቸው ሊቆጡ ቃጣቸው፤ ነገር ግን ቁጣቸው ወዲያው ወደ በሩ ዞረ። ብርጭቆው እንደሞላ ሲመለስለት ሰውዬው እንዴት አላየም?

ልጃቸውን አስከትለው ገቡ። መርማሪው ዘካርያስ ቀና እንኳ ሳይል፣ «አባት፣ ማሽን አይዋሽም» አላቸው።

«ማሽኑማ እውነቱን ነው! ያልዋጠ ሰው ቱቦው በምን ይከፈት? ለመሆኑ ጉሮሮዋን አየህ?»

«እኔ የማየው ስክሪኑን ነው።»

«እረኛው ከብቱን ትቶ ጅራፉን ሲጠብቅ ዋለ በለኛ!»

«ከበዓሉ በኋላ ትምጣ። አሁን የሌላ ሰው ተራ ነው።»

«ምራቅ መዋጥ ጾም አያፈርስም። ብትጠይቃት ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ!» በሩን በጀርባቸው ገጥመው ቆሙ።

ዘካርያስ በረጅሙ ተነፈሰና የማሽኑን የጎማ ጫፍ መልሶ በሀኒያ ጆሮ ወተፈ። «በይ፣ ምራቅሽን ዋጪ።»

ዋጠች። በስክሪኑ ላይ ያለው መስመር ወረደ፤ ቱቦው ተከፍቷል። ደግማ ዋጠች፤ ደግሞ ወረደ።

ዘካርያስ «አይከፈትም» የሚለውን ሰርዞ ከላዩ «ይከፈታል» ብሎ ጻፈና ወረቀቱን ዘረጋላቸው።

«የተሰረዘ አልቀበልም። በንጹሕ ጻፍ።»

ጻፈ። ሽማግሌው አዲሱን ወረቀት ለሀኒያ ሰጥተው ወደ ሐኪሙ ላኳት። እርሳቸው ግን አልተከተሏትም። ዓይናቸው ጠረጴዛው ላይ በተከመሩት የሌሎች ታካሚዎች ፋይሎች ላይ አረፈ።

«ጾሙ ከገባ ዛሬ ሃያ ሦስት ቀን ሆነው» አሉ ቀስ ብለው። «እነዚህስ ውሃውን ውጠውታል?»

ዘካርያስ ፋይሎቹን ወደ ራሱ ሳበ። ኦቦ ዱጋሳም በሩን አልለቀቁም።