ከጣራ በላይ የወጣው ቱቦ

ገድሉ ጣና ዳር ካለው ግቢው ውስጥ የላንድክሩዘሩን የጎን ላሜራ በሳ። የፕላስቲክ የውሃ ቱቦ ከአየር ፊልትሮው ገጥሞ እስከ ጣራው አወጣና ዙሪያውን በሲሊኮን ደፈነው። ከእንግዲህ ሞተሩ አየር እንጂ ውሃ አይስብም።

አምና ክረምት የታመሙ አባቱን ከጢስ ዓባይ ወደ ሐኪም ቤት ሲያመጣ፣ መንገዱን የሚያቋርጠው ወንዝ መሐል ሞተሩ ውሃ ጠጥቶ ቀጥ አለ። ሰው ተጠራርቶ መኪናዋን ጎትቶ እስኪያወጣ፣ አባቱ ከኋላ ወንበር ላይ አርፈው ነበር።

ቱቦው እንዳለቀ ወደዚያው ወንዝ ነዳ። ውሃው ኮፈኑን አለፈ፤ መኪናዋ ግን አንዴም ሳትንተፋተፍ ተሻገረች። ገድሉን ደስም አላለው፣ እንባም አልመጣው።

ማዶ ቆመው ሲያዩት የነበሩ ሽማግሌ ጠጋ አሉ።

«አንተ ልጅ፣ አዲሱን ድልድይ አላየኸውም እንዴ?»

«አይቸዋለሁ፣ አባቴ። አምና ግን አልነበረም» አለና መኪናዋን አዙሮ ተመልሶ ውሃው ውስጥ ገባ።