የብክለቱ ምንጭ

አዋሽ ሰባት ኪሎ ውስጥ ትልቅ እንግዳ ሊመጣ ሲል ወሬውን የሚያደርሰው የኖራ ሽታ ነው። የዛፉ ግንድ ነጭ ይቀባል፣ የመንገዱ ድንጋይ ይቀባል፣ መንገድ ዳር የተኛች ፍየል እንኳ ቶሎ ካልተነሳች አትማርም።

ያን ሰሞን ኖራው ሲሸታት ኡምሰልማ ደስ አላት። ሻይ ቤቷ ከአሮጌው የባቡር መጋዘን ጋር ግድግዳ ይጋራል። መጋዘኑ ውስጥ ከስንት ዘመን ጀምሮ የተረሳ የአንበጣ መድኃኒት በየበርሜሉ ተቀምጧል፤ ሽታው ግድግዳውን አልፎ ከስኳሩ ቀድሞ ምላስ ላይ ይደርሳል። የጤና ተቆጣጣሪዎችም ቁርጧን ነግረዋታል፦ መርዙ እስከ ወሩ መጨረሻ ካልወጣ ሻይ ቤቷ ይታሸጋል። ደግነቱ ለተበከሉ ታሪካዊ ሕንፃዎች ማጽጃ የመንግሥት በጀት ተይዟል፤ መጋዘኑን የሚመረምር ቡድንም ከሰመራ ይመጣል።

በዋዜማው የከተማው የቅርስ ኃላፊ ጉልላት፣ አፍንጫቸውን በጨርቅ የሸፈኑ ወዛደሮች አስከትሎ ደጇ ቆመ።

"እትዬ ኡምሰልማ፣ እነዚህን በርሜሎች ለአንድ ቀን አስቀምጪልኝ።"

"ምን?"

"እንግዳ በቆሻሻ ቤት ይቀበሉታል እንዴ?"

"አንተ ሰው፣ የሚመጡት ቆሻሻውን ሊያዩ አይደል?"

"ቢሆንም! የከተማችንን ስም አናስጠፋም።"

እሷ ስትጮህ በርሜሎቹ እየተንከባለሉ ገቡ። መጋዘኑ ታጠበ፣ ኖራ ተቀባ፣ በዚያ ደረቅ አገር ከየት እንደመጣ አላህ ብቻ የሚያውቀው ቄጤማ ተጎዘጎዘበት።

በማግስቱ የቡድኑ መሪ ኢንጂነር ካሚል የመርዝ መለኪያውን ይዞ መጋዘኑን ዞረ። መለኪያው ዝም አለ።

"ማሻአላህ! እንዲህ የጸዳ ቅርስ አይቼ አላውቅም" አለ። ጉልላት ጥርስ በጥርስ ሆነ። "ስለዚህ በጀት አያስፈልገውም" ሲል ካሚል ቀጠለ።

የጉልላት ፈገግታ ነገሩን ስላልሰማ እዚያው ፊቱ ላይ ቀረ።

"ወላሂ መርዙ እኔ ቤት ነው!" ብላ ኡምሰልማ የሻይ ቤቷን በር በረገደችው። መለኪያው እንደ አምቡላንስ አለቀሰ። ካሚል አፍንጫውን ይዞ አፈገፈገ።

"ቤቱ መቼ ተሠራ?"

"ከወሎ ከመጣሁ ወዲህ፣ በላቤ የሠራሁት ነው።"

"አዝናለሁ እህቴ። የተበከለው ታሪካዊ አይደለም፤ ታሪካዊው ደግሞ አልተበከለም።"

ኡምሰልማ ጥቂት አሰበች። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች፤ አንዱን በርሜል ገፍታ ጣለችና በቄጤማው ላይ እያንከባለለች ወደ መጋዘኑ አስገባችው። ክዳኑ ተፈናጥሮ ቢጫው ዱቄት በነጩ ኖራ ላይ ተረጨ።

"ኧረ ቅርስ ነው! ቅርስ መበከል ወንጀል ነው!" አለ ጉልላት።

"እኮ! ጻፉታ!"

መለኪያው እንደገና አለቀሰ። የካሚል ፊት ግን በራ። "ተበክሏል" አለ ዱቄቱ እያሳለው፤ "አሁን በጀቱ ይፈቀዳል።" ይህን ሲሰማ ጉልላት ኮቱን አውልቆ ሁለተኛውን በርሜል መግፋት ጀመረ። ኢንጂነሩ በሩን ያዘላቸው።

ወሩ ሳያልቅ፣ ከእግር እስከ ራሳቸው የተሸፈኑ ሠራተኞች መጥተው መርዙን ጭነው ሄዱ። ሻይ ቤቱ ሳይታሸግ ቀረ። መጋዘኑ በር ላይ ግን እንደ ደንቡ የፕሮጀክት ሰሌዳ ተተከለ፤ የሥራው ባለቤት፣ ተቋራጩ፣ አማካሪው በተራ ተዘርዝረው፣ በመጨረሻው መስመር "የብክለቱ ምንጭ፦ ወይዘሮ ኡምሰልማ፣ ሻይ ቤት" ይላል። የጅቡቲ መስመር ሹፌሮች ሁሉ እየቆሙ ያነቡታል።

ጽሑፍ ቀቢው አፍሮ "ላጥፋልሽ?" አላት።

"የምን ማጥፋት!" አለችው፣ ብርጭቆ እያለቀለቀች። "ከሥሩ 'ትኩስ ሻይ አለ' ብለህ ጨምርበት።"